የስምንት ሰዓት ሕግ

ባለፈው ታኅሣሥ መርሳ ላይ ብርቱካን ልገዛ ቆሜ አንድ ገመድ አየሁ። ሰማያዊ ነው፣ በመሐሉ ቀይ ክር ይሄዳል፣ ፀሐይ በልታው ግማሹ ወደ ነጭ ተለውጧል። አይሱዙ ላይ የተደረደሩትን የብርቱካን ሣጥኖች ዙሪያውን ጠፍሮ ይዟቸዋል። ጠጋ አልኩና ጫፉን ይዤ አሸተትኩት። ሻጯ ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ የሚሸተተው ብርቱካኑ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገመዱ የአህያ፣ የጭቃና የቆየ ላስቲክ ሽታ ነበረው፤ እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ። ገመዱ የእኔ ነበር። ሐጂ ሙሄ «እስኪ አንድ ጊዜ ስጠኝ» ብለው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። አይሱዙው የልጃቸው የኢብራሂም ነው። ኢብራሂም ጋቢና ውስጥ ሆኖ በስልክ ያወራል፤ አየኝና እጁን አነሳልኝ፣ እኔም አነሳሁለት። ስለ ገመዱ አልጠየቅኩትም።

ገመዱ እጄ ከገባ ወዲህ ያለውን ዓመት ስቆጥረው ብዙ አይደለም። በሻይ ዋጋ ስቆጥረው ግን ዕድሜ ነው። ያኔ ወልድያ መነኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው የቆርቆሮ ሻይ ቤት አምስት ብር ሰጥተህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ መልስ ትቀበላለህ። ዛሬ ያቺው ብርጭቆ፣ ያውም ትንሽ ጎድላ፣ ሃያ አምስት ብር ነች። ባጃጅ ከመነኸሪያው እስከ ጎንደር በር ሦስት ብር ነበር፤ ሦስት ሰው ከኋላ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ ጎኑ ተንጠልጥሎ። እያንዳንዱ ባጃጅ የራሱ ዘፈን ነበረው። አንዱ አምባሰል ይዞ ሲያልፍ ሌላው ትዝታ ይዞ ይመጣል፤ መንገዱ ሲጨናነቅና ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱ ተደባልቀው የማንም ያልሆነ ዜማ ይሰማል። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስም ያን ሰሞን ነው የገባው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ በራቸው ላይ በስፌት መኪና ልብስ ይሰፉ ስለነበር፣ ያን ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ባለፈ ቁጥር «ና ልጄ፣ በነጻ ልጣፍልህ» እያሉ ይጠሩታል። የሚቀልዱ አልነበሩም፤ ከልባቸው አዝነውለት ነው።

እኔ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ልጆቼ ወጥተዋል፣ ባለቤቴ ዘሐራ «ከዚህ በኋላ የምትሮጥ ለማን ነው?» ትለኛለች። እንዲህ እያለን ነው አንድ ድርጅት በተራራ ላይ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ የሚያስተምሩ አሰልጣኞችን ሊያወጣ ወልድያ መጣ የተባለው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እንግዳው በመኪና በእኛ በኩል ሽው ብሎ ከሚያልፍ፣ ወርዶ ተራራችንን በእግሩ ይሂድበት፤ እሱን የሚመሩትን የአገር ልጆች ደግሞ እኛ እናሠልጥን። አሥራ አንድ ሰዎች ተመዘገብን፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሽማግሌ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ጫማዬን ከሰልባጅ ተራ ገዛሁ። አንዱ እግር ከሌላው በትንሹ ይሰፋል፤ ሻጩ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ሰፊው ይረዳዎታል፣ ቁልቁለት ላይ ጠባቡ» ብሎኝ አመንኩት።

አሰልጣኛችን ራሔል ትባላለች። ሠላሳ ያልሞላት፣ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሲያዩዋት ለሠርግ የመጣች እንግዳ የምትመስል ልጅ ነበረች። ሐራ ከተማ ወሰደችን፤ ባቡር በማይመጣበት በባቡሩ መንገድ ግንብ ላይ ገመድ አሰረችና ስንወጣ ስንወርድ ከረምን። የሐራ ሰው ገበያውን ትቶ ያየን ነበር። ባቡሩን ሲጠብቁ ሰው በገመድ ሲወርድ አዩ። ሻንጣችንንም አስፈታችን። ዘሐራ ለሦስት ቀን ጉዞ ለአንድ የቁርኣን ደረሳ ዓመት የሚበቃ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ሙሉ ድፎ፣ ሁለት ጋቢና አንድ የብረት ሰታቴ ከታብኝ ነበር። ራሔል ሰታቴውን አውጥታ ጠጠሩ ላይ አስቀመጠችውና «ጋሼ ሰይድ፣ ይሄ ሠርግ ካለ ነው» አለችኝ።

ግን ከሰታቴው ይልቅ ያስቸገራት ጠባያችን ነው። የወሎ ሰው ቤቱን ሳትገባ አያሳልፍህም። «ግቡ!» ይላል፤ አልገባም ማለት ነውር ነው፤ ገብተህ ሳትቀምስ መውጣት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ከጉባ ላፍቶ በላይ በወጣንበት የመጀመሪያ ቀን በሦስት ቤት ቂጣ፣ በአንድ ቤት እርጎ፣ በአንድ ቤት ደግሞ ልጅ ተወልዶ ስለነበር ገንፎ በላን። ራሔል ከገንፎው ቤት ስትወጣ ሰዓቷን አየች። በማግሥቱ ጠዋት አሰልፋ አስቆመችንና አንድ ሕግ ሰጠችን። ስምንት ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ የት፣ ጫፉ ምንም ያህል ይቅረብ፣ ትመለሳላችሁ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ደመና ካለ የአሸዋ ወንዝ አትሻገሩም፤ እናንተ ላይ ፀሐይ እየወጣ ደራሽ ጎርፍ ከላይ ይመጣባችኋል። ይሄን የሚወስነው መሪው ነው፣ መሪው አንድ ሰው ነው። ሁላችንም ጻፍነው። የእኔ ደብተር ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ፈተናው እንዲህ ነበር፤ እያንዳንዳችን አንድ ቀን ቡድኑን እንመራለን፣ ከሠልጣኝ ውጭ የሆነ አንድ እንግዳ ሰውም ይዘን እንመጣለን። እኔ ጎረቤቴን ሐጂ ሙሄን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ ያን ጊዜ ሰባ አልፏቸዋል። በጉልምስናቸው አሞሌና ቡና በግመል ሲነግዱ የኖሩ፣ በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ደጅ የሆነ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሽመላቸው ጋር የተወለዱ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። የእኔን አባት የቀበሩት፣ ዘሐራን የዳሩልኝ እሳቸው ናቸው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከተራራው ጫፍ በታች ነበርን፣ ጉሙ እየወረደ ነው። ሰዓቴን አየሁ። ሐጂ አላዩም።

«ሐጂ፣ ሰዓቱ ሞልቷል መሰለኝ» አልኩ።

«አንተ ሰይድ፣ ይቺማ ደርሰናል! ጥቂት ቀረች። ወጥተን የአስርን ሶላት እዚያ ብንሰግድ ምን አለበት?»

እኔም «እንደፈቀዱ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣች አላውቅም፤ ሃምሳ ዓመት የተለማመድኳት ቃል ናት። ወጣን፣ ሰገድን፣ ዝናብ ያዘን፣ መሽቶብን ወረድን። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልታመመም፣ ሐጂ መንገዱን ሙሉ የግመል ወግ እያወጉ አሳቁን። በማግሥቱ ራሔል ስሞች ስትጠራ አሥሩ አለፉ። እኔ አላለፍኩም። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። «ምን ደረሰ? ማን ተጎዳ?» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ዝግ ባለ ድምጿ «ጋሼ ሰይድ፣ ትናንት ቡድኑን ማን መራው?» አለችኝ። የተለማመድንበትን ሰማያዊ ገመድ ግን ሰጠችኝ። «ይለማመዱበት፤ ለዓመት ይቺን አንዲት ቀን ብቻ መጥተው ይፈተናሉ» አለች። ቤት ስገባ ሐጂ በር ላይ ጠብቀውኝ «አለፍክ አይደል?» ሲሉኝ «አልሐምዱሊላህ» አልኳቸው። ይሄም ይሉኝታ ነው። በእርስዎ ምክንያት ወደቅሁ እንዴት ይባላል?

ለዓመት የተባለው ቀን አልመጣም፤ ጦርነቱ ቀደመው። ማን ከማን፣ ለምንና እንዴት የሚለውን የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የማስታውሰው ባጃጆቹ ዘፈን ማቆማቸውን ነው። ነሐሴ ነበር። መጀመሪያ ስልኩ ጠፋ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። እትዬ ጥሩነሽ የስፌት መኪናቸውን በአንሶላ ሸፍነው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከከተማው በላይ መሰማት በጀመረ በሦስተኛው ቀን አሥራ ስምንት ሆነን ሐጂ ደጅ ተሰበሰብን። አስፋልቱ አያስኬድም ተባለ። ሐጂ በተራራው ወገብ ወደ መርሳ እንሂድ አሉና ዞረው በሰው ሁሉ ፊት «ሰይድ ሥልጠናውን ወስዷል፣ እሱ ይምራን» አሉ። ብለውም አህያቸውን ይዘው ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ። ቦታ መልቀቅ በአፍ ነው፤ በእግር ሽማግሌ ይቀድማል። እኛ አገር እንዲህ ነው፣ እኔም አልገረመኝም።

የመጀመሪያውን ቀን የተማርኩትን በስርቆሽ ነው የሠራሁት። እትዬ ጥሩነሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከፊቴ አስቀደምኳቸውና በእሳቸው እርምጃ ሄድን። ሐጂ ርቀው ሄደው እየቆሙ «ምነው፣ ሙሽራ ነው የምትነዱት?» ይሉናል። ከስሪንቃ በላይ አንድ የጭቃ ቁልቁለት ላይ ገመዱን ከወይራ ግንድ አስሬ እትዬ ጥሩነሽን ቀስ አድርጌ አወረድኳቸው። ሲወርዱ ዓይናቸውን ጨፍነው «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ፤ ታች ሲደርሱ «ሰይድ፣ ለካ ይሄን ነው ስትማር የከረምከው! እኔ እኮ ዛፍ መውጣት መስሎኝ» አሉኝ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከመርሳ በላይ ካለው የአሸዋ ወንዝ ደረስን። ስፋቱ የኳስ ሜዳ ያህላል። ውሃ የለውም፤ በመሐሉ ልጅ የሚዘለው ቀጭን ጅረት ብቻ ነው። በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ማዶ የሐጂ የትውልድ መንደር ይታያል፤ የመስጊዱ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ ከቤቶቹ ጭስ ይወጣል። ከኋላችን ደግሞ ያ ድምፅ አለ። ወደ ደጋው ቀና ብዬ አየሁ። ከላይ ጥቁር ነበር።

«ያውና የወንድሜ ቤት» አሉ ሐጂ በሽመላቸው እያመለከቱ። «ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ምግብ አለ፣ መኝታ አለ። ግቡ በሉ፣ ቢስሚላህ።»

ሰው ሁሉ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ሐጂ፣ አንሻገርም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ደጋው ላይ ይዘንባል። እስከ ነገ ጠዋት እዚሁ ከፍ ካለው ቦታ እንቆያለን።»

«ኧረ ሰይድ! እኔ እኮ እዚህ አሸዋ ላይ ነው እግር የተከልኩት። ጎርፏ ስትመጣም ስትቀርም አውቃታለሁ። ዛሬ አትመጣም፣ ወላሂ።»

«እርስዎ ያውቃሉ፣ ሐጂ። ግን የምመራው እኔ ነኝ፤ አይፈቀድም።»

አሥራ ስድስት ሰው እኔን አይቶ ወደ ሐጂ ዞረ። ከኋላ ያለው መሣሪያ ድም አለ። የተሳሳትኩ እንደሆነ ሰዎቹን ማዶ ቤት እያለላቸው ሜዳ ላይ ነው የማስጨርሳቸው፤ ትክክል የሆንኩ እንደሆነም አባቴን የቀበሩትን ሰው በአደባባይ አዋርጃለሁ። የማደርገው ጠፍቶኝ ሻንጣዬን አውርጄ ተቀመጥኩበት፤ ሰው ቆራጥነት መሰለው። መጀመሪያ ዘሐራ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ ጉልበታቸውን ይዘው «እኔን በገመድ ያወረደኝ እሱ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሌላውም ቀስ በቀስ ጫማውን መልሶ አጠለቀ። ሐጂ አህያቸውን ነድተው አሸዋው ውስጥ ገቡ። ብቻቸውን ሲሻገሩ እስከ መጨረሻው አየኋቸው፤ አንድ ጊዜም ዞር አላሉም። ማዶ ወጥተው ከቁጥቋጦው ኋላ ጠፉ።

አካፋብን፣ በራበው ሆድ አደርን፣ ነጋ። ውሃው አልመጣም። አሸዋው እንደ ትናንቱ ደረቅ ነው። ዕቃችንን ሸክፈን ስንወርድ ከማዶ ድምፅ መጣ።

«አሰልጣኝ! ውሃው አንገታችሁ ደረሰ ወይ?»

ሐጂ ናቸው። ማዶ ዳር ካለ ሾላ ሥር ቆመው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኛም ሳቅን፤ እትዬ ጥሩነሽ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ተሻግረን ስንደርስ «ለሱብሂ ሶላት ውዱ ላደርግ ወርጄ ነው» አሉን። እኔ ግን አህያዋን አየኋት። ጭነቱ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ትናንት እንደተጫነ። የሐጂ ጋቢ ከትከሻ እስከ ጫፍ ረጥቦ ተጣብቆባቸዋል። ሩብ ሰዓት ወደማይሞላው ወደ ወንድማቸው ቤት አልሄዱም ነበር። ማዶ ትተውን መግባት አቅቷቸው፣ ተመልሶ መምጣትም ክብራቸው አልፈቅድ ብሎ፣ ካፊያው ውስጥ ሾላው ሥር አድረዋል። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። «እስኪ ያቺን ገመድ አንድ ጊዜ፣ የአህያዋ መጫኛ ላልቷል» አሉኝ፤ ሰጠኋቸው።

ወራት ቆይተን ወልድያ ተመለስን። የእትዬ ጥሩነሽ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነበር፣ በሩ ግን አልነበረም፤ የስፌት መኪናዋም የለችም። ለዓመታት ሠርተው ዕዳዋን የከፈሉላት መኪና ነበረችና ለሳምንት ያህል ከቤት አልወጡም። አሁን በእጃቸው ይጥፋሉ፤ ጂንሱም ያው አልቀረም። ስልክ ሲመለስ ራሔል ከየት እንደሆነ ሳላውቀው ደወለችልኝ። ድርጅቱ ተበትኗል፣ ፈተና የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም። የወንዙን ነገር ነገርኳት። «ውሃው መጣ?» አለችኝ። «አልመጣም» አልኳት። «ጥሩ» አለች። «ቢመጣ ኖሮ ትክክል ያደረገዎት ውሃው ይመስልዎት ነበር።» ሰርተፍኬት አልሰጠችኝም፤ የምትሰጠኝም አልነበራትም።

ፈታኝ ሆነው የቀሩት ሐጂ ሙሄ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እኔ ያለሁበት ደፍ ላይ ሲደርሱ ሳይጠይቁ አልፈው አያውቁም። መስጊድ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆም ይሉና ዞረው «አሰልጣኝ፣ ይፈቀዳል?» ይሉኛል። ባጃጅ ሊገቡ፣ «ይፈቀዳል?» የልጃቸው ሠርግ ላይ ድንኳኑ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ፣ «ይፈቀዳል?» እኔ «ይፈቀዳል ሐጂ» ካላልኩ አይገቡም። ከተማው ሁሉ ለመደው። የማያውቀን ሰው እኔን የሆነ ባለሥልጣን አድርጎ ያየኝ ነበር። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ግን እጠብቀው ጀመር።

ያረፉት ባለፈው ነሐሴ ነው። የሚቀበሩት በትውልድ መንደራቸው ስለነበር ከወልድያ ተከትለናቸው ወረድን። መኪናው ከወንዙ ዳር ቆመ፤ ከዚያ በቃሬዛ ነው። ሾላው ማዶ አለ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ በላያችን ፀሐይ ነው፣ ደጋው ላይ ጥቁር አለ። ሰው ቸኩሏል፤ ጀናዛ አይዘገይም፤ ማዶ ቀብሩ ተቆፍሮ ይጠብቃል። ከፊት የነበሩት አሸዋው ላይ እግራቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ኢብራሂም ከቃሬዛው ሥር ሆኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ይፈቀዳል?» አለኝ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል፤ ሼሆቹም አሉ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ «አይፈቀድም» አልኩ። ከኋላ ጉምጉምታ ተነሳ፤ አንድ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላህ፣ ጀናዛ ያስቆማል?» አሉ። ኢብራሂም ግን «አባቴ ቆሞለታል» አለና ቃሬዛውን አወረደ። ከፍ ባለው ቦታ በጥላ አስቀመጥናቸው፤ ሰው ዙሪያቸውን ተቀመጠ፣ ቁርኣን ተቀራ። ከሰዓት በላይ ቆየን። ከላይ ያለው ጥቁር ቀስ እያለ ሳሳ፣ ሄደ። ውሃው አልመጣም።

ቃሬዛውን አንስተን በደረቅ አሸዋ ተሻገርን። ወደ ሾላው ስንቃረብ ሳላስበው ጆሮዬን አቀናሁ። ከማዶ የሚጮህብኝ ሰው አልነበረም። እዚያ አሸዋው መሐል ላይ አለቀስኩ።